ሰባ ዙር በደቂቃ

ጥር 9፣ ሐሙስ

ዛሬም አምስቱም የሙዚቃ ተማሪዎች መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ፤ ይህችን ለማስተማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያለኝ ወንበር አራት ነው፣ አምስተኛው እንደተለመደው የስፌት መኪናዬ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁ። ዳቦውን ቆርጬ ሳልጨርስ ግማሹ አልቋል... የዘፋኝ ሆድ መቼም ጉድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቲያትር ቤት ልብስ ስሰፋላቸው፣ ወገባቸውን ስለካ ኖሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ።

ሦስት ሸክላ አሰማኋቸው። ሁለቱን እያዛጉ ሰሙ። ሦስተኛው፣ የዚያች የኦፔራ ዘፋኝ ሴትዮ ሲደርስ፣ ዳቦ የሚያኝክ አልነበረም። ስንት ጊዜ ሰምተዋታል፣ ያው ይደነግጣሉ። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ሆና ነው የምትዘፍነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን ከፍታ ስትወጣት... እንደ ብርጭቆ የጠራ። መቶ ዓመት ያለፈው ቀረጻ ነው። ዛሬ በየኦፔራ ቤቱ እንዲህ የሚዘፍን አለ? የለም። እነሱም ያውቁታል፣ እኔም በየሳምንቱ አስታውሳቸዋለሁ።

ባለ መነጽሩ ልጅ ያቺን ነገሩን ደግሞ አመጣት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የኖታ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ነው። ከፍ አድርጋ ነው የዘፈነችው።»

«ድሮ ሰው ጉሮሮ ነበረው» አልኩት። «ወደ ታች ያወረዳችሁት እናንተ ሰነፎቹ ናችሁ።»

ሳቁ። ጭራሮ ግን አልሳቀችም። ቅጥነቷን አይቼ ጭራሮ ነው የምላት፤ ከአምስቱ የምትበልጥብኝ እሷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ አላጎደለችም። «አንዴ ድገሚልኝ እማማ» አለች። ደገምኩላት።

ጥር 11

ሸክላዎቹን አቧራቸውን ጠረግኩ። መቶ አርባ ሁለት ናቸው። ሁሉም በከፋይ ከረጢት ውስጥ፣ ከመድረክ መጋረጃ ትራፊ በእጄ የሰፋሁላቸው። ያየ ሁሉ ያደንቃል። ሟቹ ባሌ እንዴት ነበር የሚያስቀምጣቸው? በቆሸሸ ወረቀት፣ ሻጋታ በበላው።

የመድረክ መብራት ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲገባ የሚያወራው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእነሱ ጋር ነው። ሲያጫውት አጠገቡ መቀመጤን እንኳ አይወድም። «አንቺ ሜትርሽን ያዢ፣ ይሄ የአንቺ አይደለም።» ስንት ጊዜ ነው ያለኝ? የት አባቱ። ሲሞት የእኔ ሆኑ። እሱ ለሰው አላሰማም፣ እኔ አሰማሁ። አሁን ባለሸክላዋ እማማ ሲባል እኔ ነኝ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ልጆች በሬን የሚያንኳኩት እኔን ብለው ነው። ደስ ይለኛል። ክፋት ከሆነም ይሁን።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ጭራሮ ከሴትዮዋ ጋር አብራ ዘፈነች። ግራሞፎኑ አጠገብ ቆማ፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ። ያቺ ከፍታ ላይ ስትደርስ... ወጣቻት። ከሸክላው ጋር እኩል። አራቱ አጨበጨቡ። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን ልዋሽ።

ሲያልቅ ጉሮሮዋን ያዘች። «ምን ሆንሽ?» «ምንም፣ ደረቀብኝ መሰለኝ።» ውሃ ሰጠኋት።

በመጋቢት መጨረሻ ትልቁ ፈተና አለባት። ያለፈ ቲያትር ቤቱ ይወስደዋል። ይህንኑ ዘፈን ነው የምታቀርበው። የትምህርት ቤቱን ፒያኖ መቺ ለምናው፣ ልክ እንደ ሸክላው ከፍ አድርጎ እየመታላት ነው አሉ። «እንደሷ አድርጌ ነው የምዘፍነው እማማ።»

«ቁርጥ እንደሷ» አልኳት።

ጥር 20

መንገድ ላይ አቶ ወረቀትን አገኘሁት። የልጆቹ የድምፅ መምህር ነው፤ ነጋ ጠባ «ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዘፍኑ» ስለሚል ነው ያልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለኝ። ትሕትናው ራሱ ያበግናል።

«እባክዎ፣ ያቺን ልጅ እዚያ ላይ አያስጩኹብኝ። ገና ናት።»

«እርስዎ ባስተማሩባቸው ዓመታት ስንት ዘፋኝ አወጡ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ጥዬው ሄድኩ። እስከ ቤቴ ድረስ እግሬ መሬት አልነካም።

ጥር 30፣ ሐሙስ

ጭራሮ ቀረች። ያለፈው ሳምንትም አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ነበር የመጣችው፣ ዝም ብላ ስታዳምጥ ነበር። ባለ መነጽሩ ነው የነገረኝ፤ ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ጭራሽ። «ጉንፋን ነው» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ጉንፋን ሲሆን አውቃለሁ፣ ጉንፋን አይደለም።

የካቲት 3

ቤቷ ሄድኩ። እናትየው ናት የከፈተችልኝ፤ ልብስ ንጽሕና መስጫ ነው የምትሠራ፣ እጇ በሳሙና ነጥቷል። ጭራሮ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፈገግ አለችና ደብተር አነሳች። የሐኪም ትእዛዝ። የድምፅ አውታሮቿ አብጠዋል፤ ሁለት ወር አንዲት ቃል መናገር የለም፣ ሹክሹክታም ቢሆን። ፈተናው በዚያው ገደል ገባ።

አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ብዙ ጻፈች። መጨረሻ ላይ የጻፈችው፦ «እሷ እንዴት ቻለችው እማማ?»

«ተሰጥኦ ነው ልጄ» አልኳት። «ለሁሉም አይሰጥም።»

ለማጽናናት ነው ያልኩት። ደብተሩን ዘጋችው።

የካቲት 11

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

የቲያትር ቤቱ ፒያኖ ቃኚ ሊጠይቀኝ መጣ። የሟቹ ጓደኛ። ጡረታ እየወጣ ነው፤ ያቺን ሴትዮ አንዴ ልስማት ብሎ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አልሰማትም፣ አሥራ አንድ ዓመት። ሻይ ቀዳሁለት፣ ሸክላውን ከከረጢቱ አወጣሁ፣ ከረጢቱን አደነቀልኝ። መርፌውን አስቀመጥኩ።

ገና ሁለት ቃል ሳትዘፍን ሻይውን አስቀመጠ። ከኪሱ ድምፅ የሚለካበትን የመቃኛ ሹካውን አወጣና ጉልበቱ ላይ መትቶ ጆሮው ላይ ያዘው። ፊቱን አጨማደደ።

«ስንት ላይ ነው የምታዞሪው?»

«ምኑን?»

አልመለሰልኝም። ቁራጭ ወረቀት ሸክላው ስር ሰካ፣ ሰዓቱን እያየ የወረቀቷን ዙር ቆጠረ። ሰባ ስምንት በደቂቃ። ያውቅ ነበር፣ ሊያረጋግጥ ነው እንጂ።

«ይሄ እኮ በሰባ ዙር ነው የተቀረጸ። ያኔ አንድ ልክ የለም፣ ሁሉም በፈለገው ፍጥነት ነበር የሚቀርጸው። ካለ ልኩ ስታፈጥኚው ድምፁ ይወጣል፣ ይቀጥናል። ይቺ አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ከልኳ በላይ ወጥታለች።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ባልሽ ለእያንዳንዱ ሸክላ ልኩን አግኝቶለት ነበር እኮ። ከፒያኖ ጋር እያመሳከርን፣ አብረን ነው የሠራነው፣ ስድስት ዓመት። የሸክላዎቹ መያዣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎታል። የት አሉ ወረቀቶቹ?»

ወረቀቶቹ።

ትዝ ይሉኛል ቁጥሮቹ። ሰባ፣ ሰባ አራት፣ ሰባ ስድስት... የመደርደሪያ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ከረጢቶቹን ሰፍቼ የጨረስኩ ዕለት ወረቀቶቹን ሰብስቤ አቃጠልኳቸው። ግራሞፎኑንም ያደሰልኝ ሰው የፍጥነቱን ብሎን ሰባ ስምንት ላይ አጥብቆ «እንዳትነኪው» ብሎኝ ነበር። ይኸው አልነካሁትም። መታዘዝ ስወድ።

ቃኚው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቂኝ» አለና ብሎኑን አላልቶ ሰባ ላይ አቆመው። ሲወጣ በሩ ላይ፦ «እንደዚያ አድርጎ የሚዘፍን ሰው የለም። ኖሮም አያውቅ።»

ስለ ጭራሮ አልነገርኩትም።

የካቲት 12

ብቻዬን ሰማኋት። በሰባ።

ሌላ ሴት ናት። ሸምገል ያለች፣ ከባድ ድምፅ ያላት፣ ድካም ያለባት። ሰው እንደሚተነፍሰው ነው የምትተነፍስ። በሐሳቤ ስንት ጊዜ ልብስ ሰፍቼላታለሁ፣ ደረቷ ዘጠና፣ ወገቧ የሚጨበጥ። ዛሬ ስሰማት ደረቷ መቶ አሥር ነው። የሰፋሁላት አንዱም አይበቃትም።

ታምራለች? ታምራለች። ግን አላውቃትም። አሥራ አንድ ዓመት ሳለቅስላት የኖርኩት ለማሽን ነው። ተናደድኩባት፣ ምን ባደረገችኝ።

እሱስ? ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር «ይሄ ቁጥር ፍጥነቱ ነው» ማለት አቅቶት ነው? አንዲት ቃል። ይኸው ደግሞ የሞተ ሰው እከሳለሁ። የሞተ ሰው አይመልስማ።

የካቲት 13

ነገ ሄጄ እነግራታለሁ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

አልነገርኳትም። ለአራቱም አሞኛል ብዬ መልእክት ላክሁ።

የካቲት 22

መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። እንዴት ነው የሚባለው? «ልጄ፣ ያቺ ሸክላ ተሳስታ ኖሯል።» ሸክላዋ ናት የተሳሳተች? «እኔ አላወቅኩም ነበር።» ባለ መነጽሩ ነግሮኝ የለም እንዴ? አቶ ወረቀትስ መንገድ ላይ ለምኖኝ የለ? ሁሉም አውቋል፣ እኔ ብቻ ጆሮ አለኝ ስል...

እውነቱን ልጻፈው፣ እዚህ የሚያየኝ የለም። ለእሷ አይደለም የፈራሁት። ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ጫማቸውን ጠርገው የሚገቡበትን ቤት ነው የፈራሁለት። ከዚያ በፊት እኔ ማን ነበርኩ? አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ሰው ቀሚስ ስር የምትንበረከክ ሴት።

የካቲት 30

እናትየው ደወለች። ልጅቷ ከአልጋ አትወርድም፣ አትበላም። «ምን እንደምትጽፍልኝ ያውቃሉ እማማ? ለሁሉም አይሰጥም፣ ለሁሉም አይሰጥም። እርስዎ ነዎት አሉ ያሏት። እርስዎን ነው የምትሰማው፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሏት።»

አፌ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «አይዞሽ በያት» አልኩና ዘጋሁት።

መጋቢት 3

ነገርኳት።

ስገባ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ ቅጽ እየሞላች ነበር። የመድኃኒት መደብር ቅጥር፣ የመስኮት ሠራተኛ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው፤ ቀድማ ጽፋ አዘጋጅታዋለች። «ትናንት ከትምህርት ቤቱ ወጣሁ። ፈርሜ መጣሁ። ደህና ነኝ፣ አትዘኚ። ያልተሰጠኝን ነገር ነው ስጠብቅ የኖርኩት።»

ትናንት! በአንድ ቀን ተቀደምኩ።

ሳልቀመጥ ነው የነገርኳት። ሰባውን፣ ሰባ ስምንቱን፣ የተቃጠሉትን ወረቀቶች። ሴትዮዋ ራሷ እዚያ ወጥታ እንደማታውቅ። «አንቺ ብቻ ነሽ የወጣሽው። በሥጋ ጉሮሮ፣ ማሽን ያወጣውን» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ እኮ ነው። እናትየው ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ጭራሮ እርሳሱን አነሳች። «መቼ አወቅሽ?»

«የካቲት አሥራ አንድ።»

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ሃያ ሁለት ቀን» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሌላ መስመር። «ይሂዱ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ነው የምትለኝ። አንድ ቀን እርስዎ ብላኝ አታውቅም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ለአራቱም ተናገርኩ፣ ሻይ ሳላፈላ። ባለ መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ከወረቀቱ በላይ ነው ብዬሽ ነበር እኮ እማማ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ወቀሳም አይደለም። አንደኛዋ ተነስታ ቦርሳዋን ያዘች። ሌላኛዋ ተከተለቻት። በሩን በቀስታ ነው የዘጉት፣ አሳድጌያቸዋለሁ።

መጋቢት 8

አቶ ወረቀት ቢሮ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ተመለስኩ። በልቤ ያልሰደብኩት ስድብ የለም፣ «ብዬዎት ነበር» ሲለኝ የምመልስለትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነው የገባሁት። አላለኝም። ወንበር ሳበልኝ።

ልጅቷ ፈርማ ወጥታለች፣ ቦታዋን ተጠባባቂ ይዞታል። መመለስ አይቻልም። ነሐሴ ላይ እንደ አዲስ ገቢ መፈተን ትችላለች፣ ጉሮሮዋ ከዳነ። የሆነውን በጽሑፍ እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ፤ ለፈታኞቹ የጉዳቷን ምክንያት ለማስረዳት። ጻፍኩ። በእጄ፣ ፈርሜ። ሟቹን ወቅሼ አንድ መስመር ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኳት።

ስነሳ እሱ ነው የተናገረው። «ፒያኖ መቺው ከፍ አድርጎ ሲመታላት ከኮሪደር እሰማ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ገብቼ አላስቆምኩም። ያምር ነበርና።»

እጁን ጨብጬው ወጣሁ።

መጋቢት 9

የነሐሴውን የፈተና ማመልከቻ ቅጽ ወስጄ ለእናትየው ሰጠኋት። በሩን ጠበብ አድርጋ ነው የተቀበለችኝ። ግቢ አላለችኝም።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ደህና እየሆነች ነው።»

«ለእኔ ምንም አላለችም?»

ቅጹን ለሁለት አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። «እማማ፣ ልጄ ናት» አለችኝ። በቃ እሱን ብቻ።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ቃኚው አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ግራሞፎኑን ተሸክመን ትምህርት ቤቱ ፒያኖ ጋ እንወስደዋለን። ባለ መነጽሩና ጓደኛው ያግዙናል። አንዱን ሸክላ ስንት ጊዜ... ፒያኖውን ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ብሎኑን ያዞራል፣ እንደገና ይመታል። እኔ ዙር እቆጥራለሁ። ልኩ ሲገኝ ከረጢቱ ላይ ቁጥሩን በክር እጠልፋለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ደረስን። መቶ ሠላሳ ሦስት ይቀራል። ልጆቹ ስለ ዘፋኞቹ ሲጠይቁኝ «እሱን ጠይቁት» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ አፌን ያቃጥለኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት።

ሰኔ 12

ሟቹን ይቅር ልለው ሞከርኩ። አልሆነም።

ሐምሌ 20

ባለ መነጽሩ አንድ ነገር አመለጠው። ጭራሮ ትፈተናለች። ስድስት ሳምንት ሆናት አሉ ከአቶ ወረቀት ጋር መለማመድ ከጀመረች። መድኃኒት መደብሩ ውስጥም ትሠራለች፣ ግማሽ ቀን። «ምን ትዘፍናለች?» ስለው ጫማውን ማየት ጀመረ። እንዳትነግራት ብላዋለች ማለት ነው። ይገባታል። ማለቴ፣ መብቷ ነው። ወደዚያ መድኃኒት መደብር ሁለት ጊዜ ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ተመልሻለሁ፤ የራስ ምታት መድኃኒት ፈልጌ ነው እያልኩ።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ

ፈተናው ዛሬ ነበር። አትሂጂ ያለኝ የለም፣ ነይ ያለኝም የለም። ኮሪደሩ ጥግ፣ የኮት መስቀያው ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የተፈታኞቹ ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል፤ አራተኛ ናት። የጠሩት ሲገባ ሲወጣ በኮቶቹ መሀል በደንብ አይታይም፣ ግን ጆሮዬን ቀስሬያለሁ።

አንደኛው ተንተባተበ። ሁለተኛዋ ደህና ናት። ከዚያ የሁለተኛዋ ይሁን የሦስተኛዋ ሳይገባኝ ሌላ ዘፈን ተሰማ፣ እረፍት ተደረገ፣ ሰው ተላወሰ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ፒያኖው ጀመረ።

ሰፊ ድምፅ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከታች የሚነሳ። የማላውቀው ዘፈን ነው፤ ረጋ ያለ፣ አንድም ከፍታ የሌለበት። ማን ናት ይቺ? ሦስተኛዋ ትሆናለች። ልማዴ አይደል፣ ለካኋት። ደረቷ መቶ ይሞላል፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ትልቅ ሴት። አተነፋፈሷ የማይሰማ። ቀናሁ። ደግሞም ፈራሁ፣ ለጭራሮ ፈራሁላት። ከዚህች በኋላ ገብታ ያቺን ቀጭን ድምፅዋን ስታሰማቸው ምን ልትሆን ነው፣ ቢያንስ አንድ ሰው በመሀል ይግባላት እያልኩ እየለመንኩ ነበር።

አለቀ። ከውስጥ ወንበር የገፋ ሰው ድምፅ።

በሩ ተከፈተ። ጭራሮ ወጣች።

ከኋላዋ የሚወጣ ሰው ጠበቅኩ። የለም። አራተኛዋ አልፋለች፣ አቶ ወረቀት በሩ ላይ አምስተኛውን እየጠራ ነው።

ከአግዳሚው ተነሳሁ። አየችኝ። ትንሽ ወፍራለች፣ ጸጉሯን አሳጥራለች። ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። እንኳን ደስ ያለሽ ልበል? ገና ውጤት የለ። ጥሩ ዘፈንሽ ልበል? ሌላ ሰው መስለሽኝ፣ በአንቺ ላይ ለአንቺው ቀናሁልሽ ልበል?

«ደህና ዋሉ» አለችኝ፣ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው እንደሚባለው። በዚያ ድምፅ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ደረጃውን እየወረደች ነበር።

ሦስት ዓመት በየሐሙሱ ክፍሌ ውስጥ ዘፍናለች። ድምፅዋን ዛሬ ሰማሁት።